የጋሽ ሮይ በረት

ባለቤቴ ወንድይራድ በሬ ያውቃል። ሌላ ነገር ያውቃል ብዬ አልመሰክርለትም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአፓርታማ ሜንቴናንስ ሆኖ ስንት ዓመት ሲሠራ የራሳችን ቤት ቧንቧ እስከ ዛሬ ይንጠባጠባል። በበሬ ግን አይታማም። የአሜሪካ በሬ ሻኛ የለውም ብሎ መጀመሪያ ሰሞን አዝኖ ነበር፤ በኋላ ጎኑንና ታፋውን ዳሰስ ዳሰስ እያደረገ መለየት ተማረ። «ይሄኛው» ካለ አለቀ፣ የሚከራከረው የለም። ለፋሲካም ሆነ ለገና ቅርጫ የሚገባው ሰው ሁሉ፣ ከሎረል በሉት ከግሪንቤልት፣ ለእሱ ደውሎ «አስገባኝ» ይልና ነገሩን ለእሱ ጥሎ ይተኛል።

በሬውን የምንገዛው ከጋሽ ሮይ ነበር። ጋሽ ሮይ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋረንተን ወዲያ፣ ከብት የሚያረቡ ነጭ ገበሬ ናቸው። «ጋሽ» የሚለውን የጨመርነው እኛ ነን፤ ሽማግሌ ሰው በባዶ ስም ለመጥራት አፋችን አልታዘዝ ብሎን ነው። እሳቸውም ሳይወዱት አልቀሩም፣ ስልክ ሲደውሉ «ጋሽ ሮይ ነኝ» ይላሉ። ፋሲካችን መቼ እንደሚውል ይጠይቃሉ፤ ከእነሱ ፋሲካ ለምን እንደሚለይ እኔ ሳስረዳቸው ሳይገባቸው «እህ፣ እህ» ይላሉ፤ ከዚያ በሬዎቹን ለእኛ ቀን ያደርሳሉ።

በሕጉ በኩል ነገሩ ቀላል ነበር። በሬውን በቁሙ እንገዛዋለን፤ ከዚያ በኋላ በሬው የእኛ ነው፤ ሰው ደግሞ የራሱን ከብት ለራሱ ቤተሰብ ማረድ ይችላል። ጋሽ ሮይ ለዚሁ ብለው ከበረታቸው ጥግ የሲሚንቶ ወለል ያላት ክፍል ሠሩልን። ሙቅ ውሃ አስገቡ፣ የደም መውረጃ ቦይ ቆፈሩ፣ ግድግዳውን በየዓመቱ ነጭ ቀለም ይቀቡታል። አርደን በየመደቡ ከከፋፈልን በኋላ ዕጣውን የሚጥሉልን እሳቸው ነበሩ። የመኪና ቁልፎቻችንን ሰብስበን እንሰጣቸዋለን፤ የትኛው ቁልፍ የማን እንደሆነ ስለማያውቁ ለማንም አያደሉም። በየመደቡ ላይ አንዳንድ ቁልፍ ያኖራሉ። ይህን ሥራ እንደ ትልቅ ሹመት ነበር የሚያዩት፤ ኮፍያቸውን ሁሉ ያወልቁለታል።

ከእኛ ሌላ የነበራቸው ገበያ ጨረታ ነው። ጨረታው ላይ የሚመጡት ገዢዎች ሁለት ኩባንያዎች ብቻ ናቸው፤ «ሁለቱም ምሳ የሚበሉት አብረው ነው» ይሉናል ጋሽ ሮይ። ወንድማቸው ከአንድ የዶሮ ኩባንያ ጋር ውል ፈርሞ በገዛ መሬቱ ላይ ተቀጣሪ ሆኖ ቀርቷል። «ጫጩቱ የኩባንያው፣ መኖው የኩባንያው» አሉን አንድ ቀን። «የሚሞተው ጫጩት ግን የወንድሜ ነው።» እሳቸው የሚፈልጉት በሬያቸውን ለማን እንደሚሸጡ ራሳቸው መወሰን ነበር። ያንን ደግሞ ያቆየላቸው የሐበሻ ቅርጫ ነው። እኛ ከቀረን ከብቱን ሸጠው ከመሬቱ ከመነሳት በቀር መንገድ አልነበራቸውም፤ ይህንን እኔም አውቃለሁ፣ ወንድይራድም ያውቃል።

ያፌት የመጣው እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ገና ካለፈ በኋላ ነው። ያፌት የወንድይራድ የክርስትና ልጅ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ ጠበቃ ሆኖ እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሥጋ ኩባንያዎች ማኅበር ቀጥሮታል። ሥራው ሕግ አውጪዎችን ማግባባት ነው። እኛ ደጅ መጥናት የምንለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ደጅ የሚጠናው በደመወዝ መሆኑ ነው። ሱፍ ለብሶ፣ አበባ ይዞ መጣ። ገና ሲቀመጥ የሆነ ነገር እንደፈለገ አውቄያለሁ።

«ጋሼ፣ አንቱ የሆነ ቦታ ብትመጣልኝ» አለ፤ አንቱና አንተን ማደባለቁን ትተነዋል። «ሂሪንግ አለን፣ አሌክሳንድሪያ። የስቴት ኮሚቴ ይመጣል። ስለ ቅርጫ ኤክስፕሌይን ብታደርግላቸው…»

«ስብሰባው ስለ ምንድን ነው?» አልኩ እኔ።

«ፉድ ሴፍቲ ነው፣ እትዬ። ስለ ሥጋ። ፒፕል እኛ እንዴት እንደምንበላ አያውቁም። አለቃዬ የኮሚዩኒቲ ድምፅ ያስፈልጋል አለች።»

«ላንተ ይጠቅምሃል?» አለው ወንድይራድ።

«ለኔ ቢግ ዲል ነው።»

«እንግዲያው ምን ያነጋግራል። እመጣለሁ።»

ልጁ ከሄደ በኋላ «ምን ዓይነት ሕግ እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት እንኳ አምጣ አትለውም?» ብዬ ተቆጣሁ። ወንድይራድ የተሰደበ ያህል አየኝ። «አቅፌ ክርስትና ያስነሳሁትን ልጅ ወረቀት አምጣ ልበለው?» አለኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ግን መስተዋት ፊት ከረባት ሲሞክር ከረመ፤ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር፣ ውሸት አልናገርም።

አዳራሹ ከኪንግ ስትሪት ገባ ብሎ ነው። ገና በሩን ስናልፍ ከፊት ወንበር ላይ ጋሽ ሮይን አየናቸው። ለቀብር የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ወንድይራድን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ተነስተው አቀፉት። «መጣህልኝ» አሉት። «ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ ሰው ማስቸገር አልፈለግኩም። ማን ነገረህ?» ካፖርታቸውን ከጎናቸው ወንበር ላይ አንስተው አስቀመጡን። ያፌት ከወዲያ በኩል ሱፍ ከለበሱት መሐል ቆሞ በእጁ ይጠራናል። እኛም በእጃችን ሰላም አልነው።

አንድ የኩባንያ ሰው ተነስቶ መናገር ጀመረ። ስለ ጤና፣ ስለ ሕፃናት፣ ስለ ሸማቹ ደህንነት ብዙ አወራ። ጋሽ ሮይ ወደ ወንድይራድ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ። «ሊዘጉኝ ነው» አሉ። «ግቢዬ ውስጥ ከአንድ ቤተሰብ በላይ ሆኖ የሚያርድ ሰው ካለ እንደ ትልቅ ቄራ ልቆጠር ነው። ቄራ ለመሥራት እርሻውን ሁሉ መሸጥ አለብኝ። እርሻውን ከሸጥኩ ደግሞ ቄራው ምን ያደርግልኛል?»

ወንድይራድ ቀና ብሎ ያፌትን አየው። ልጁ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። የባለቤቴ አንገት ሥር ሲገተር አየሁ። «ውጣና እንሂድ» አልኩት በአማርኛ። «የት ነው የምሄደው?» አለኝ። «ጠርተውኛል፣ እናገራለሁ። ለሳቸው ነው የምናገረው።» በዚያች ደቂቃ እንዴት እንደኮራሁበት መናገር አልችልም። የክርስትና ልጁን፣ ከረባቱን፣ ሁሉንም ትቶ ለወዳጁ ሊቆም ነው።

ስሙን ጠሩት፤ እንዴት እንደጠሩት አይነሳ። ተነሳና ማይክራፎኑ ፊት ሄደ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

እዚህ ላይ ባለቤቴ እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ መናገር አለብኝ፤ እንዴት ያሉ ሰዎች እንደሆንን ማለቴ ነው። እንግዳ ሲመጣብን ሦስት ቀን ጓዳ ውዬ፣ ጠረጴዛው እስኪጎብጥ ሞልቼ፣ «ባዶ ቤት ገባችሁ፣ ምንም የለም፣ ይቅር በሉን» እላለሁ። እንግዳውም ምንም እንደሌለ አምኖ ተነስቶ አይሄድም፤ ይበላል። ትልቅ ሰው ፊት ሲቆም ደግሞ ይብሳል። የራስን ነገር ዝቅ፣ የሚለመነውን ሰው ከፍ ማድረግ ነው ደንቡ። «ቤቴ ንጹሕ ነው፣ ምግቤ ጥሩ ነው» ብሎ ዳኛ ፊት የሚመካ ሰው ባለጌ ነው።

«ጋሽ ሮይ ጥሩ ሰው ናቸው» ብሎ ጀመረ ወንድይራድ። እንግሊዝኛው አይከፋም፣ ሲፈራ ብቻ ነው ቀስ የሚለው። «ቦታው ለእናንተ የሚመጥን አይደለም። የገበሬ በረት ነው፤ የረባ ነገር የለውም። እኛም ተራ ሰዎች ነን፣ ለምደነዋል። እባካችሁ እዘኑልን፤ ተዉልን።»

እንዴት ያለ ልመና ነው! በእኛ አገር ቢሆን ድንጋይ ያራራል። እኔም ከኋላ ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር።

የኮሚቴዋ ሰብሳቢ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ዝቅ አደረገች። በጣም ጨዋ ሴት ናት፤ ድምፅዋም ለስላሳ ነው። «ይቅርታ፣ በደንብ እንድረዳ ነው» አለች። «ቦታው ንጹሕ አይደለም እያሉን ነው?»

ወንድይራድ መሬት መሬት አየ። «ንጹሕ ነው ብዬ ምን እመካለሁ» አለ። «የበረት ነገር ነው። እግዚአብሔር ነው የሚጠብቀን።»

ሴትዮዋ ጻፈች። አጠገቧ ያሉትም ጻፉ። «እውነቱን ስለነገሩን በጣም እናመሰግናለን» አለችው።

ወዲያ ማዶ ያፌት እጁን ግንባሩ ላይ ጭኖ አየሁት። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተባለውንም፣ ሊባል የተፈለገውንም እኩል የሰማው እሱ ብቻ ነበር። ያኔ ነው እኔም የደነገጥኩት። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ ሮጬ ሄጄ ማይክራፎኑ ላይ ብጮህ ምን ብዬ እጮሃለሁ?

ቀጥሎ ጋሽ ሮይ ተጠሩ። ብድግ አሉና ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ብዙ የምናገረው ነገር አስቤ ነበር» አሉ። «ግን ደንበኛዬ ተናግሯል።» ይህን ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ወንድይራድ ጥሩ ነገር የሠራ መስሎት እጃቸውን ሊጨብጥ እጁን ዘረጋ። ጨበጡት። እሳቸውም ጨዋ ናቸው።

ነገሩን ለባለቤቴ ያስረዳሁት መኪና ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመና መሪውን እንደያዘ ቀረ። «ውብነሽ፣ ለሳቸው እኮ ነው የለመንኩት» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

ሕጉ በጸደይ ወጣ። ጋዜጣው «የብዙ ዘመን ደንበኛቸው እንኳ ቦታው ንጹሕ ነው ለማለት አልደፈሩም» ብሎ ጻፈ። ያፌት ቤታችን መጣ፤ እኔ በሩን ከፍቼ ልግባ አልግባ ሲል ገና ደፉ ላይ ጀመርኩት። «የሳቸውን በሬ በልተህ አላደግክም? በክርስትና አባትህ አፍ ነው ሰው የምታስገድለው?»

«እትዬ፣ ቃል አፉ ላይ አላስቀመጥኩም» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ቮቱ ቀድሞ ተቆጥሮ ያለቀ ነበር። አይ ሚን፣ ሂሪንጉ ፎርማሊቲ ነው። ጋሼ ምንም ባይል ያልፍ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ወሰድከው?»

«ፊት ያስፈልጋቸው ነበር» አለ። «ከኩባንያ ሰው ውጪ የሆነ ፊት።»

ያን ቀን ወንድይራድ አልተቆጣውም። ቢቆጣው ይሻል ነበር። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «ሽማግሌ ይዤ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አንተም ትመጣለህ፣ ታስተረጉማለህ» አለው ብቻ።

የዚያን ዓመት ፋሲካ ከሱፐርማርኬት የተገዛ የኩባንያ ሥጋ በላን። ስለ ጣዕሙ አላወራም። ጋሽ ሮይ በዚያው ሰሞን ከብቱን መሸጥ መጀመራቸውን ሰማን። በበጋው መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጋሽ ልዑልሰገድን ይዘን ሄድን። ጋሽ ልዑልሰገድ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ስንት የተጣላ ባልና ሚስት፣ ስንት የተካካደ ሸሪክ ያስታረቁ አዛውንት ናቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከመኪና ወረዱ።

ጋሽ ሮይ በረንዳው ላይ ተቀበሉን። ግቢው ጸጥ ብሏል፤ የቀሩት ከብቶች አጥሩ አጠገብ ተሰብስበው ቆመዋል። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉን።

«እሺ እስኪሉን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ልዑልሰገድ።

ያፌት አስተረጎመ። ጋሽ ሮይ ግራ ገብቷቸው ወንበሮቹን አዩ። «ወንበር እኮ አለ» አሉ። እኛ ግን ቆምን። ጋሽ ልዑልሰገድ አጥፍተናል፣ በድለናል፣ በአምላክ ስም ይቅር ይበሉን ብለው እንደ ወጉ አሳምረው ተናገሩ። ያፌት ሲያስተረጉመው ግማሹን ዋጠው። ወንድይራድ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«ምንም ቅያሜ የለኝም» አሉ ጋሽ ሮይ። «ሕጉ በማንኛውም መንገድ ይወጣ ነበር። እነዚያን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ገና ወንድሜን ሲያስፈርሙት ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። እሱንስ ችዬዋለሁ።» ከዚያ ወደ ወንድይራድ ዞሩ። «ያልቻልኩት ሌላ ነገር ነው። ቆሻሻ ከነበረ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም? ያን ሁሉ ዓመት። ብትነግረኝ አጥበው ነበር። ግድግዳውን አፍርሼ እሠራው ነበር። ስታመሰግኑኝ እኮ እውነት መስሎኝ ነበር።»

ይህን ማንም ማስተርጎም አላስፈለገውም። ወንድይራድ አንገቱን ቀና አድርጎ ፊት ለፊት አያቸው። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ንጹሕ ነበር» አለ በእንግሊዝኛ። «ከቤቴ ኩሽና የበለጠ ንጹሕ ነበር።»

«እንግዲያው ዋሽተሃቸዋል?»

«አልዋሸሁም።» ወደ ያፌት ዞሮ በአማርኛ ቀጠለ። «ንገርልኝ። እኛ ዘንድ ሰው የሌላ ሰው ነገር አያናንቅም በላቸው። የሰውን ያሞግሳል። ዝቅ የሚያደርገው የራሱን ነው። የሳቸውን በረት የሰው ንብረት ነው ብዬ ባስብ ኖሮ እዚያ ቆሜ ሳሞግስ እውል ነበር። የራሴ ቤት መስሎኝ ነው ያዋረድኩት። ንገርልኝ፣ አንድም ቃል አታጉድል።»

ያፌት ነገራቸው። ቀስ ብሎ፣ አንዳንዱን ቃል እየደገመ ነገራቸው። ጋሽ ልዑልሰገድ ከዘራቸውን ተደግፈው ጋሽ ሮይን ያያሉ። እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

ጋሽ ሮይ አጥሩ አጠገብ ያሉትን ከብቶች አዩ። ከዚያ የወንድይራድን ትከሻ ያዙት።

«ያቺን ነገር እዚያ አዳራሽ ውስጥ ብሰማት ጥሩ ነበር» አሉ።

ወዲያው አንድ የከብት መጫኛ መኪና ከመንገዱ ታጥፎ ወደ ግቢው ገባ። ኮፍያቸውን ደፉና «ይቅርታ፣ ይሄን ማስጫን አለብኝ» ብለው ወረዱ። ሾፌሩ ደረቱ ላይ የሥጋ ኩባንያ ስም ያለበት ሸሚዝ ለብሷል። ወንድይራድ ሊያግዛቸው ተከትሎ ሄደ። ጋሽ ሮይ ግን እጃቸውን አንስተው በጨዋ ደንብ አስቆሙት፤ ከብቱን ከሾፌሩ ጋር ብቻቸውን ነዱት።

ተነስተን ወደ ሀይዌዩ አመራን። ያፌት ከኋላ መስኮቱን እያየ ነበር። ጋሽ ልዑልሰገድ ከዘራቸውን እግራቸው መሐል አቁመው ብዙ ሲያሰላስሉ ቆዩና ወደ ባለቤቴ ዘወር አሉ።

«ለመሆኑ ልጄ» አሉት፣ «ታረቅን ማለት ነው ወይስ አልታረቅንም?»

ወንድይራድ መንገዱን እያየ ነዳ።